አውድማ ላይ የቆመችው መኪና

ላሊበላ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰውነት፣ ኮምቦልቻ

እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቤቴ እመቤት የሺሃረግም ሰላም በልልኝ ብላሃለች። ስልኩ እንደምታውቀው ነው፤ መጣ ሲሉት ሄሎ ሳንባባል ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለደሴው አውቶቡስ ሾፌር ለእንዳለው ሰጥቼዋለሁ፤ አንተም መልሱን ለእሱ ስጠው። አይሱዙዋ ላይ ረዳቴ ሆነህ "ጋሼ፣ ቀስ!" እያልክ ስትጮህብኝ የነበርከው ልጅ፣ ዛሬ ተራዬ ደርሶ እኔ የምለምንህ ሆንክ።

በእንዳለው በኩል ስለ መኪናዋ ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸውልህ። ጠዋት ስትነሳ ምንም አትልም። ከሞቀች በኋላ ግን ዳገት ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ልትቀይር ስትል ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ነዳጅ ስጨምርላት ጩኸቷ ይጨምራል እንጂ አትስብም። ልክ ዜሮ ማርሽ ላይ እንዳለች ትሆንና ድንገት ጓ ብላ ትይዛለች። ባለፈው ሰሞን ፈረንጆች ከአየር ማረፊያ ይዤ ስመጣ የከተማው መግቢያ ዳገት መሃል ቆመችብኝ። ወርደው ገፉኝ። ሲገፉም ሳቁ፣ ፎቶም ተነሱ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ደሳለን ታውቀዋለህ፤ እዚህ ያለን መካኒክ እሱ ነው። እጁ ደህና ነው፤ ነገር ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ነክቶ አያውቅም፣ አለመንካቱንም አይደብቅም። "ይሄ ካምቢዮ ሞቷል፤ አውጥተን በማርሽ እንቀይረው" አለኝ። ወልድያ አንድ የማርሽ ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ አግኝቷል፤ ቶሎ ካልወሰንኩ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

እኔ ማርሽ አልፈልግም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። አውቶማቲኳ ከዳነች ለገና እሠራለሁ። ካልዳነች መሪ መጨበጤ በዚሁ አበቃ፣ እቤት መቀመጤ ነው። እንደዚህ ብዬ የጻፍኩልህ እንድትቸኩል ነው። ራስህ ብትመጣማ የት በደረስን! መቼ ትመጣለህ?

እንግዳው

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንግዳው

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር፤ እንዳለው በእግሬ በኩል አቀበለኝ። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ዘይት የእኔ ነው፣ ይቅርታ።

መቼ ትመጣለህ ላሉኝ፣ አሁን ከኮምቦልቻ መውጣት አልችልም። ምክንያት አለኝ፤ ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ። እስከዚያ በደብዳቤ እናክማት።

ከሁሉ በፊት ካምቢዮው እንዳይከፈት። እዚህ የሚመጡልኝ ብዙዎቹ በበሽታቸው ሳይሆን ሰው ከፍቷቸው የሞቱ ናቸው። ለደሳለ ሰላም ብለው ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ አይቀየመኝም።

አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የሌለው ይመስላል እንጂ በሆዱ ብዙ ትንንሽ ፍሪሲዮኖች አሉት። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በግራ እግርዎ ሲረግጡት የኖሩትን፣ እዚያ ውስጥ የሚረግጠው ዘይቱ ነው። ዘይቱ ካነሰ ወይም ከተቃጠለ የሚረግጥ ጠፋ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ለብቻው ይጮሃል። ስለዚህ ዘይቱን እንይ። እንደ ሞተር ዘይት አጥፍተው አይለኩ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹን በየቦታው አንድ አንድ ጊዜ አዙረው ወደ ፓርክ ይመልሱት። ከዚያ የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይጥረጉ፣ ይክተቱ፣ እንደገና ያውጡ። መጠኑንም ቀለሙንም ሽታውንም ይጻፉልኝ። ያረረ ሽሮ የሚሸት ከሆነ እውነቱን ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ እንዳይቆጡኝ። ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ ይለቃሉ? አይሱዙዋን የዲልብ ቁልቁለት ላይ እንዴት አድርገው ይለቋት እንደነበር አልረሳሁም፤ ነፍሴ እስካሁን እዚያው ቀርታለች። ለአውቶማቲክ ይህ ጥሩ አይደለም።

እትዬ የሺሃረግን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሰውነት

*

ላሊበላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰውነት፣

እንዳልከው አደረግኩ። አሙቄ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ማርሹን አዟዙሬ፣ በር ላይ እንደቆመች ለካሁ። ሙሉ ነው። እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ሙሉ! አላምን ብዬ ደግሜ ለካሁ፣ ደሳለም መጥቶ ለካ። ቀለሙ ቀይ ሆኖ ትንሽ ደፍረስ ብሏል። ሽሮም አይሸትም። የሺሃረግን አሽትቺው ብላት "እኔን የዘይት አሽታች ቀጥረኸኛል?" ብላ ተቆጣች፤ ግን አሸተተችው።

እንግዲህ ዘይቱ ካልሆነ ምንድን ነው? የደሳለን ፊት አየሁት፣ አዝኖልኛል። ካምቢዮውን ከወልድያ ላስመጣልዎት ወይ አለኝ። ቆይ አልኩት። ስንት ቀን እንደማስቆየው አላውቅም።

በዜሮ ማርሽ ስለመልቀቅ የጠየቅከኝን በተመለከተ፣ እኔ ነዳጅ ከየት እንደማገኝ ብታውቅ አንተም ትለቅ ነበር። ለቅቄአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አልለቅም፣ በቃ።

እንዳለው በቃል የነገረኝ ሌላ ጥያቄም ነበረህ። ባለ ሚኒባሱ እሱባለው ያሽከርክሩልኝ እያለኝ ለምን እንቢ እንዳልኩት ጠይቀሃል። ሚኒባስ አልወድም። ሰው ይጮህብኛል፣ ዕቃ ይበዛብኛል። ይህን ነገር ሁለተኛ አታንሣብኝ።

ምን ላድርግ? ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ሳላስነሳት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አላፊ አግዳሚው ወዴት ሊሄድ ነው ብሎ ያየኛል፤ የትም አልሄድኩም።

እንግዳው

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንግዳው

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ቤት ውስጥ ጉዳይ ነበረብኝ።

"በር ላይ እንደቆመች" የምትለዋን ስደርስ ደብዳቤዎን አስቀምጬ ሳቅኩ። ጋሼ፣ ያንን በር የማላውቀው መሰለዎት? ስንት ዓመት ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባሁበት በር ነው! መቼም ዛሬም አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገው ነው የሚያቆሟት፤ እምላለሁ። ባትሪ ቢሞት በቁልቁለቱ ለቀው ለማስነሳት። አይሱዙዋን እንደዚያ አድርገው ስንት ጊዜ አስነስተዋታል። አውቶማቲክ ግን ቢገፏትም ቢለቋትም እንደዚያ አትነሳም፤ ልማዱ ብቻ ነው የቀረው። የሚገርመው ደግሞ ደሳለም ያደገው እዚያው ዳገት ላይ ስለሆነ አፍንጫዋ ቁልቁል መሆኑ አልታየውም። እኔም ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ "ሜዳ ላይ ይለኩ" ብዬ እጽፍልዎት ነበር። እዚህ ሁሉም ሜዳ ስለሆነ ረሳሁት።

የዚያች መኪና መለኪያ ዘንግ የሚገባው በካምቢዮው ፊት በኩል ነው። አፍንጫዋ ሲደፋ ዘይቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄድና ትንሹም ብዙ ይመስላል። ዳገት ስትወጣ ደግሞ ያው ትንሹ ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መምጠጫው አየር ይስባል፣ የሚረግጥ ይጠፋል። ችግሩ ዳገት ላይ የሚብሰው ለዚህ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት፤ ሳላይ አልምልም።

ስለዚህ ሜዳ ይፈልጉ። ውሃ ቢያፈሱበት ወዴትም የማይሄድ ሜዳ። ምናልባት አየር ማረፊያው አካባቢ ይገኝ ይሆናል። እዚያ ከለኩ በኋላ መኪናዋን ወዲያው አያንቀሳቅሷት፤ ትንሽ ትቁም፣ ከሥሯም የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ይዩ። ዘይት ካነሰ የሄደበት መንገድ አለ።

ስለ ሚኒባሱ ሁለተኛ አላነሣም። ግን አላመንኩዎትም።

ልጅዎ ሰውነት

*

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰውነት፣

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብላት የሺሃረግ ወጥታ መኪናዋን አየችና እየሳቀች ተመለሰች። አፍንጫዋ ቁልቁል ነበር።

ሜዳ ፍለጋ ዞርኩልህ። ማደያው ያዘነብላል። ገበያው ያዘነብላል። አየር ማረፊያ ስሄድ ጥበቃው "እዚህ ኮፈን ከፍተው መቆም አይችሉም፣ አባቴ" ብሎ መለሰኝ። አስፋልቱም ቢሆን ዝናቡ እንዲወርድለት ወደ ዳር ያጋደለ ነው። ተወልጄ ባረጀሁበት አገር አንዲት መኪና የምትቆምበት ሜዳ እንደሌለ አሁን ገና ማወቄ ነው።

የሺሃረግ ናት ያሰበችው። "የወንድሜ አውድማስ?" አለች። ገነተ ማርያም አጠገብ የሚያርሰውን ጥሩሰውን ታስታውሰዋለህ። አውድማውን ደልድሎ፣ ጠቅጥቆ፣ በእበት ለቅልቆ ገብሱን ሊወቃ ተዘጋጅቶ ነበር። በጠዋቱ ቀዝቀዝ ሲል ቀስ እያልን ሄድን። ነገሩን ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

"ጎማ? አውድማ ላይ? እንግዳው፣ እኔ ራሴ ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባበት!"

"ለክቼ እወጣለሁ፤ አልቆይም።"

"ገብሴ በረከት ቢያጣ አንተ ትተካልኛለህ? ያ ጎማ ያልረገጠው ነገር አለ?"

እኔም ግትር ነኝ፣ እሱም ግትር ነው። የሺሃረግ ወደ ጓሮ ወሰደችውና ምን እንዳለችው እንጃ፤ ሲመለስ "በል ጎማዎቹን እጠብ። አንተም ጫማህን ታወልቃለህ፣ እሷም ታጥባ ትገባለች" አለኝ። ከምንጭ ውሃ እያመላለስን አራቱንም ጎማ እንደ ሕፃን ገላ አጠብናቸው።

ጫማዬን አውልቄ ሱሪዬን ስጠቀልል ጥሩሰው ግራ ጉልበቴን አየው። ከዚያ ክንዴን ይዞ ደግፎ አስገባኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ካቻምና ክረምት ከደረጃ ወድቄ ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ ብሏል። ወጌሻም ሐኪምም አይተውታል። ፍሪሲዮን መርገጥ አልችልም። እሱባለውን እንቢ ያልኩትም፣ ደሳለን ቆይ ያልኩትም ለዚህ ነው። ለመኪናዋ ማርሽ ቢገባላት የሚረግጥላት የለም። አውቶማቲክ የገዛሁት ርካሽ ሆና ስላገኘኋት እንጂ አስቤ አልነበረም፤ እግሬ ሲከዳኝ ግን እሷ ሾፌር አድርጋ አቆየችኝ። ሾፌሮቹ ቢሰሙ እንግዳው አበቃለት ይላሉ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተም መናገር አፈርኩ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ጥሩሰው ጣባ ሙሉ ውሃ አውድማው ላይ አስቀምጦ "ይኸው ሜዳ! የትም ዞረህ አታገኝም" አለኝ፤ ኮርቷል። ውሃው ከየትም በኩል አልጎደለም። ለካሁ። ዘንጉ ጫፉ ብቻ ረጥቦ ወጣ። ጠርጌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

እንዳልከኝ ሳላንቀሳቅሳት ቆየን፣ እህልም ቀመስን። ስንመለስ ያ አዲስ ልቅለቃ ላይ ቀይ ጠብታዎች አሉ። ከካምቢዮው ሥር አይደለም፤ ከፊት ነው፣ ከራዲያተሩ ሥር። እኔ ደጅ ላይ አፈሩና ጠጠሩ እየጠጣው አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ጥሩሰው ራሱን ያዘ። "ለክቼ እወጣለሁ ያልከኝ ይሄ ነው?" እያለ በአካፋ ፍቆ አወጣው። በማግሥቱ የሺሃረግ እንደገና ለቀለቀችለት። እስካሁን ከእኔ ጋር በደንብ አይነጋገርም።

እንግዲህ ፍረድ። ድና ልታገለግለኝ ትችላለች ወይስ አትችልም? ደሳለ የወልድያውን ካምቢዮ ከዚህ በላይ ማስጠበቅ አይችልም።

ደግሞ ፖስታው ላይ ስሜን የጻፈው እጅ ያንተ አይደለም። ያንተ ፊደል ዶሮ የጫረው ነው። ይሄ የሚያምር ነው። የማን ነው?

እንግዳው

*

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንግዳው

ስለ ጉልበትዎ አለመንገርዎ አስከፍቶኛል፤ እኔ ባዳ ነኝ? ነገር ግን ለመቆጣት አፍ የለኝም፣ ምክንያቱን ከታች ያዩታል።

መጀመሪያ መኪናዋ። የካምቢዮ ዘይት ለመቀዝቀዝ በራዲያተሩ በኩል ዞሮ ይመለሳል፤ የሚያመላልሱት ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ናቸው። አንዱ አርጅቶ ተሰንጥቋል፤ ሲሞቅ ያልባል፤ የቀረው ዘይትም ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ደህና የምትሆነው። በእንዳለው ሁለት ቱቦ፣ ማሰሪያዎቹንና ቀዩን ዘይት ልኬአለሁ። ቱቦውን ደሳለ ይግጠመው፤ ከእኔ የተሻለ እጅ አለው፣ ማሰሪያ ሲያጠብቅ አያበዛም። ዘይቱን በትንሽ በትንሹ እየለኩ ይጨምሩ፣ እንዳይበዛ። የሚለኩት ያው አውድማ ላይ ነው፤ ጥሩሰውን እግሩ ላይ ወድቀውም ቢሆን ያስፈቅዱ።

እውነቱን ልንገርዎ ብዬ ነበር። ዘይቱ ስላልተቃጠለ ተስፋ አለኝ፤ ነገር ግን በትንሽ ዘይት ብዙ ዳገት ወጥታለች። ከተሞላች በኋላም ዳገት ላይ እንደ ድሮው ከጮኸች ውስጧ አልቋል፣ ያን ጊዜ እኔም አላድናትም። ስትቀይር ትንሽ ብቻ ዘግይታ ከያዘች እርጅና ነው፤ ይታገሷት። የወልድያውን ካምቢዮ ግን ይተዉት፤ እርስዎ ራስዎ እንዳሉት ማርሽ ለእርስዎ አይሆንም።

አሁን ስለ ፖስታው። የጻፈችው ባለቤቴ ናት። ረሒማ ትባላለች፤ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ነው የተዋወቅነው፣ ይህንንም ቱቦ ለክታ የመረጠችው እሷ ናት። አምና በጥር በቤተሰቦቿ ወግ ተጋባን። ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ መጥራት የነበረብኝ እርስዎን ነበር። መንገዱ አይመችም፣ ስልኩ አይሠራም አልኩ፤ እውነቱ ግን እንቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈርቼ ነው። አባት የለኝም፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎን እንቢታ መሸከም አልችልም ነበር። አሁን የመውለጃዋ ወር ገብቷል። መምጣት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ይቅር ይበሉኝ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣች ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሰውነት

*

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰውነትና ለረሒማ

መጀመሪያ ላንቺ፣ ረሒማ። ቱቦው ልክ ሆኗል። ደሳለ ሲያየው "ይህን የመረጠው ሰው ሥራ ያውቃል" ብሎሻል። የሺሃረግ ደግሞ "በሰላም ያገላግልሽ" ብላለች፤ የምትልክልሽን ነገር እያዘጋጀች ነው፣ ምን እንደሆነ ግን እንዳልነግርሽ አስጠንቅቃኛለች።

አንተ ግን ሰውነት፣ ከፍቶኛል። ደሴ ድረስ ተሳፍሬ፣ ከዚያም እያነከስኩ እመጣልህ ነበር። ሽማግሌ የሚሄደው በጉልበቱ ሳይሆን በነጠላውና በአፉ ነው፤ ሁለቱም አሉኝ። ልጅቷን ለራሴ ልጅ ስጡኝ ብዬ የመለመን ዕድሌን ወሰድክብኝ። ይህን ከተናገርኩ በኋላ ትቼዋለሁ። እኔም ጉልበቴን ደብቄህ የለ? እንተዋወቃለን።

ጥሩሰው ገብሱን ወቅቶ ጨርሶ ስለነበር አልተቸገርንም። ጎማዎቹን ግን አሳጠበን። ያስገባኝም በአንድ ነገር ተስማምተን ነው፤ ከአውድማው የወጣውን የመጀመሪያ ገብስ ለገና እንግዶቻችን እዚህ ድረስ በመኪናዋ ላመጣለት። "ከሠራች ትሸከማለች፣ ካልሠራች እኔም አብሬ ልየው" አለ። ደሳለ ቱቦውን ገጠመ፣ እኔ እየለካሁ ጨመርኩ። ምልክቱ ላይ ሲደርስ አቆምን። ጆንያዎቹን ጫንን፣ ጥሩሰው ከፊት፣ የሺሃረግና ደሳለ ከኋላ ገቡ። የወልድያው ካምቢዮ ትናንት ለሌላ ሰው መሄዱን ደሳለ የነገረኝ ከተነሳን በኋላ ነው። እንግዲህ መመለሻ የለኝም ማለት ነው አልኩ በልቤ።

የከተማው መግቢያ ዳገት ጋ ስንደርስ ፈረንጆቹ የገፉኝን ቦታ አየሁት። ሞተሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ መጣ፣ ከሁለተኛ የምትወጣበት ጊዜ ደረሰ። ልንገርህና አትሳቅብኝ፤ ግራ እግሬ ለብቻው ተነሳ። ዓመት ሙሉ አልታጠፍም ያለኝ እግር ፍሪሲዮን ፍለጋ ከመሬት ተነሳ። የሚረገጥ ነገር የለም። እግሬ ባዶ ወለል ላይ አረፈ፤ በዚያችው ቅጽበት መኪናዋ ትንሽ ዘገየችና ያዘች። ሳትጮህ፣ ጓ ሳትል ያዘች። ዘይቱ ረገጠልኝ።

አለቀስኩ። ጥሩሰው "ምነው?" ቢለኝ የገብሱ አቧራ ነው አልኩት። የሺሃረግ ከኋላ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ደሳለ ደግሞ "ወጣች!" ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ።

ቤት ስንደርስ በልማዴ አፍንጫዋን ቁልቁል ላዞራት ስል ትዝ አልከኝ። ሽቅብ አድርጌ አቆምኳት። እስካሁን ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሆነህ ነው ይለኛል።

ከገና በኋላ እኔና የሺሃረግ ሕፃኑን ለማየት እንመጣለን። በአውቶቡስ አይደለም፣ በእሷው ነው፤ ራሴ እየነዳሁ። ዲልብን በዜሮ ማርሽ አልለቅም፣ ለረሒማ ብዬ ቃል ገብቼልሃለሁ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው ብለሃልና በራችሁ ላይ ቦታ ያዙልኝ፤ ድንጋይ ግን አታዘጋጅ።

አባትህ እንግዳው